ኒየሪ ያለው አሮጌው አውትስፓን ሆቴል እና ወፈፌ ባለቤቶቹ

ዳገት_ወጪ፦

ኬንያ የምትኖሩ፣ ወይም ለሥራም ለሽርሽርም ብቅ ብላችሁ የምታውቁ፣ ኒየሪ ከተማ ጥግ ያለውን አውትስፓን ሆቴልን ታውቁታላችሁ? ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ሲወጣ በአንድ በኩል የአበርዴር ተራሮች፣ በሌላ በኩል የኬንያ ተራራ አለ። ሆቴሉ መሐላቸው የቻኒያ ወንዝን ገደል አፋፍ ይዞ ተቀምጧል። ሰፊ ግቢ፣ አሮጌ ዛፍ፣ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ጎጆ ጎጆ ቤቶች። የጣውላው ወለል ሲረገጥ ድምፅ ያሰማል። ማታ ምድጃ ይነድዳል። የሚያነድዱት ሰውዬ ቀጫጭኑን ጭራሮ ጎጆ አስመስለው አቁመው፣ ወፍራሙን ግንድ ከላይ በአግዳሚ ጫን አድርገው፣ አንድ ክብሪት ብቻ ጭረው ሲወጡ አፌን ከፍቼ ነው ያየኋቸው። እኔ ለአንድ ከሰል ግማሽ ፓኬት ክብሪት የምጨርስ ሰው ነኝ።

የያዘኝ ግን የመሠረተው ሰው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከር ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። በወጣትነቱ የስካውት መሥራች የቤደን-ፓወል ጸሐፊ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አብራሪ ሆነ፣ ጀርመኖች ማረኩት፣ ከምርኮ ደጋግሞ ለማምለጥ ሞከረ። ጦርነቱ አልቆ አገሩ ሲገባ ደግሞ የዴንቢውን ኧርል ልጅ ሌዲ ቤቲን ወደደ። እሷ የመኳንንት ልጅ፣ እሱ ኪሱ ባዶ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጊዜው አሜሪካ መጠጥ በሕግ የከለከለችበት ነበርና በመርከብ ውስኪ ጭኖ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ማሻገር ጀመረ። ለጥሎሽ ሲባል ኮንትሮባንድ! በኋላ ታሪኩን ራሱ በብዕር ስም ጽፎ አሳተመው እንጂ እኔም አላምንም ነበር።

በ1926 ተጋቡ። ኬንያ መጥተው በ1928 አውትስፓንን ከፈቱ፤ ከውስኪው የተረፈችው ገንዘብ እንደረዳቻቸው ይነገራል። በ1932 ደግሞ ሌዲ ቤቲ የዛፍ ላይ ቤት አማራት፤ ልጆች የሚያምራቸው ዓይነት። ሌላ ባል ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። ዎከር ግን አበርዴር ጫካ ገብቶ፣ አውሬ ውሃ ሊጠጣና ጨው ሊልስ የሚመጣበት ኩሬ አጠገብ አንድ ግዙፍ የሙጉሞ ዛፍ መረጠና ሁለት ክፍል ሠራላት። ዛሬ ዓለም ትሪቶፕስ እያለ የሚጠራው ቤት አነሳሱ ይኼው ነው። መጀመሪያ የአውትስፓን እንግዶች ለአዳር የሚወሰዱት ረቡዕ ማታ ብቻ ነበር። ለምን ረቡዕ? ባለቤቶቹ ስላሉ!

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቦታውን ድሮ የሚያውቅ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ካለ ያጫውተን። ሌላው፦ እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬ ሆቴል ቢከፍት ደንበኛ ያገኛል? እኔ አያገኝም ባይ ነኝ። የዛሬ ሆቴል እንግዳውን ላስደስት ብሎ ይነሳል። እነ ዎከር ግን ለራሳቸው ደስ ያላቸውን ሠርተው «ከወደድክ ና» ያሉ ነው የሚመስለኝ፤ ጣዕሙም የመጣው ከዚያ ነው።

---

ጫካ_ፈሪ፦

«ከወደድክ ና» ያልከው ልክ ነው፤ አካሄዱን ብትሰማ ደግሞ ትስቃለህ። የድሮው ትሪቶፕስ መኪና ደጃፍ ድረስ አያደርስም። ጫካው ውስጥ ያወርዱህና የቀረውን በእግር ነው። ፊት ፊት ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ይሄዳል፤ እንግዶቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ይከተላሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር ደግሞ ዛፎቹ ላይ መሰላል ተቸንክሯል። ለምን መሰለህ? ዝሆን ወይም አውራሪስ ድንገት ከመጣ በቅርብ ያገኘኸው ላይ እንድትወጣ።

እስቲ አስበው፤ ገንዘብህን ከፍለህ፣ ክራቫትህን አስረህ፣ ሚስትህን በተረከዝ ጫማ አስከትለህ፣ «አውራሪስ ከመጣ ያቺን መሰላል ተጠቀም» ስትባል። ዛሬ ቢሆን ስድስት ገጽ ወረቀት ያስፈርሙሃል።

ከላይ ከደረስክ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ በሹክሹክታ ነው። ማሳል እንኳን ያሳፍራል አሉ።

---

ወሬ_ጠማኝ፦

ቆይ ቆይ፣ ይኼ ኤልሳቤጥ ልዕልት ሆና ወጥታ ንግሥት ሆና የወረደችበት ዛፍ ነው እንዴ? እዚያው ዛፍ ላይ እያለች ነው አባቷ መሞቱ የተነገራት ሲባል ሰምቻለሁ። በናታችሁ ዝርዝሩን የምታውቁ?

---

ሰነድ_አገላባጭ፦

ዛፉስ ራሱ ነው፤ መርዶው ግን እዚያ አልተነገራትም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1952 ከሰዓት በኋላ ኤልሳቤጥና ባሏ ፊልጶስ ወደ ትሪቶፕስ መጡ። በዚያን ጊዜ ቤቱ አራት ክፍል ደርሶ ነበር። ሊደርሱ ሲሉ ኩሬው ዳር የዝሆን መንጋ ቆሟል፣ ዝሆኖቹም ሰላም አልነበሩም። ከዛፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ለመጪዎቹ አደጋ መኖሩን ለማሳወቅ ነጭ የትራስ ልብስ ጣሪያው ላይ ሰቀሉ። እንግዶቹ ምልክቱን አይተዋል፤ ግን አልተመለሱም። ልጅቱ ቦርሳዋንና ካሜራዋን ይዛ ከዝሆኖቹ ቅርብ ርቀት ላይ በእርጋታ ተራምዳ መሰላሉን ወጣች። ይህን የጻፈው ጂም ኮርቤት ነው። ህንድ ውስጥ ሰው በላ ነብሮችን በማደን ስሙ የገነነው፣ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ኒየሪ የሚኖረው ሰውዬ። ያን ሌሊት መሰላሉ አናት ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ሲጠብቅ አደረ ይባላል።

አባቷ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ እንግሊዝ አገር በዚያው ሌሊት በእንቅልፉ ሞተ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ማለዳ ነው አልጋው ላይ ያገኙት። እሷ ግን ጠዋት ከዛፉ ወርዳ ሳጋና ወደሚገኘው ቤት ሄዳለች፤ የኬንያ ቅኝ ግዛት መንግሥት ለሠርጓ የሰጣት ቤት ነው። መርዶውን ከሰዓት በኋላ እዚያ ነው ፊልጶስ የነገራት። ስለዚህ ዛፍ ላይ እያለች ሳትነግሥ አልቀረችም፤ መንገሧን ያወቀችው ግን ወርዳ ነው። የሆቴል ማስታወቂያ ግን ይህችን ልዩነት አይወዳትም።

ሌላም ላክልበት፦ ዛሬ ትሪቶፕስ ብለው የሚያስጎበኙት ያ ዛፍ አይደለም። ያኛው ተቃጥሏል። አሁን ያለው ከኩሬው ማዶ በ1957 የተሠራው ነው። ንግሥቲቱም በ1983 ተመልሳ ስትመጣ ያየችው አዲሱን ነው።

---

የቀድሞ_ስካውት፦

እናንተ ዛፉ ላይ ወጥታችሁ ቀራችሁ፤ ለእኛ ለስካውቶች ግን ዋናው ነገር አውትስፓን ግቢ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቤት ነች። ፓክስቱ ትባላለች።

ቤደን-ፓወል በ1935 ወደ ኬንያ ሲመጣ የድሮ ጸሐፊውን ዎከርን ሊጠይቅ ኒየሪ ደረሰ፤ በዚያው ፍቅር ያዘው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቤት አሠርቶ በ1938 ከሚስቱ ከኦላቭ ጋር ጠቅልሎ ገባ። የማፌኪንግ ከበባ ጀግና፣ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ልጅ መሐረብ አስሮ የሚከተለው ሰው፣ የመጨረሻ ዓመታቱን በአንድ ሆቴል ግቢ በረንዳ ላይ አውሬና ወፍ እየሳለ ነው ያሳለፈው። ያለማደው ሽኮኮ ነበረው፤ ቤት ውስጥ እንደልቡ የሚመላለስ። ባለሆቴሉ ወፈፍ ያደርገዋል ካልን ተከራዩም ከእሱ አያንስም ማለት ነው።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1941 በ83 ዓመቱ እዚያው ሞተ። መቃብሩ ኒየሪ ነው፤ ፊቱን ወደ ኬንያ ተራራ አዙሮ። ድንጋዩ ላይ ክብ ተሥሎ መሐሉ ላይ ነጥብ አለ። ስካውት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዱካ ምልክት ነው፣ ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት ሄጃለሁ ሲባል የሚተው። ኦላቭም በ1977 ስትሞት አመዷ መጥቶ አጠገቡ ነው የተቀበረው።

ፓክስቱ አሁን ትንሽ ሙዚየም ነች። ከየአገሩ የመጣ ስካውት መሐረቡን ወይም ዓርማውን ትቶ ይሄዳል፤ ግድግዳው በጨርቅ ቀለም ተሞልቷል።

ሰነድ አገላባጭ የጠቀስከው ጂም ኮርቤትም ከእህቱ ከማጊ ጋር የኖረው እዚችው ቤት ውስጥ ነው። በ1947 ህንድን ለቅቀው መጡ፤ እሱም በ1955 ሞቶ በዚያው መካነ መቃብር አረፈ። አንዲት ጎጆ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች በተከታታይ ስትይዝ ይገርማል።

---

ጫካ_ፈሪ፦

ሽኮኮ ቤት ውስጥ?! እሱን ትቼ ነብሩን እመርጣለሁ። አያቴ ቤት ጓሮ ካለው ቋጥኝ ሥር ሲጮሁ ሌሊት እንቅልፍ አያስተኙም ነበር።

---

ሙጉሞ፦

ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ግን እስካሁን በጻፋችሁት ውስጥ አንድም ኪኩዩ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የለም፤ ልብ ብላችኋል? ሻንጣ ተሸካሚ እንኳን አልገባም።

ባለቤቴ የኒየሪ ልጅ ነች፤ እነሱ ቤት ይኼ ታሪክ በሌላ መልኩ ነው የሚወራው። ሙጉሞ የኪኩዩ ቅዱስ ዛፍ ነው። ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ኬንያ ተራራ አዙረው ከሥሩ ይጸልያሉ፣ በግ ያርዱበታል። እኛ አገር ዋርካ ሥር ሽምግልና እንደሚቀመጡት በሉት፤ የእነሱ ግን ከዚያም ይከብዳል፣ መቅደስ ነው። አንድ ቀን ፈረንጅ መጥቶ እላዩ ላይ መኝታ ቤት ሠራ። ሚስቱ ስላማራት።

የመሬቱ ነገርማ ረጅም ነው። ለም ደጋው ለነጭ ሰፋሪ ተከልሎ ባለአገሩ ጠባብ ክልል ውስጥ ታጭቆ ነበር። ማው ማው፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳው አመፅ፣ ከሰማይ አልወረደም። ልዕልቲቱ በመጣችበት ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው። እንግዳ ሲቀር ወታደሮች ትሪቶፕስን የጫካ ማማ አድርገውት ነበር፤ ሜይ 27 ቀን 1954 የማው ማው ተዋጊዎች አቃጠሉት። ሰነድ አገላባጭ «ተቃጥሏል» ብለህ ያለፍከው እሱ ነው። ምድጃ ተገልብጦ አይደለም።

በዚያው ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኪኩዩ ከቤቱ እየተነቀለ በአጥርና በጉድጓድ በተከበቡ መንደሮች ውስጥ ታጉሯል። የባለቤቴ አያት ከእነዚያ ውስጥ ነበሩ። ውሃ ለመቅዳት እንኳን በሰዓት ነበር የሚወጡት።

ስለዚህ «ወፈፌ» ስትሉ እኔን ትንሽ ይከረክረኛል። አበደ ተብሎ የሚደነቀው ጀርባው ላይ መንግሥት ያለው ነው። ዎከር ውስኪ ሲያሻግር ጀብዱ ተባለ። በዚያው ዘመን አንድ የኒየሪ ሰው ያለፈቃድ ጠላ ቢጠምቅ ምን ይባል ነበር?

---

ዳገት_ወጪ፦

ሙጉሞ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያነሳኸው። ነገር ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። መሬቱ የተወሰደ መሬት ነው፤ በዚያ መሬት ላይ ከሰፈሩት ሰዎች ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ቡና ተክለው፣ ውስኪያቸውን ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ እያማረሩ ሞቱ፤ ስማቸውንም የሚያነሳ የለም። እነዚህ ሁለቱ ለየት ያሉ ነበሩ። ለየት ማለታቸው ከበደል ነፃ አያወጣቸውም፤ ግን ሰው ዛሬም ተጉዞ የሚሄደው ለእሱ ነው።

ያልከው ውስጥ አንዱ ግን ገብቶኛል፦ ወፈፌነት ከለላ ይፈልጋል። ይህን አልክድም።

ከዛፉ ጋር በተያያዘ አንድ ልጨምር፤ የማው ማው ተዋጊዎችም ጫካ ውስጥ የሙጉሞ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ደብዳቤ እየተዉ ይላላኩ እንደነበር አስጎብኚዎቹ ያሳያሉ። ያው ዛፍ ለአንዱ ሆቴል፣ ለሌላው ፖስታ ቤት ሆኖ ማለት ነው።

---

ጋሽ_ብርሌ፦

ልጆች፣ የኒየሪን ስም ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናንተ የእንግሊዙን ብቻ ነው የምታወሩት። እዚያች ከተማ የእኛ ጉዳይም አለ።

ዱካ ዳኦስታን ታውቁታላችሁ፤ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበረውን፣ አምባ አላጌ ላይ ተከቦ በሜይ 1941 እጁን የሰጠውን ረጅሙን ሰውዬ። እንግሊዞቹ ማርከው ወደ ኬንያ ወሰዱት፤ ማርች 3 ቀን 1942 ናይሮቢ ላይ ታሞ ሞተ። መቃብሩ የት ይመስላችኋል? ኒየሪ ነው፤ ጣሊያኖች ለሙት ወታደሮቻቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ አገራችንን ሊገዛ የመጣ ሰው ከቤደን-ፓወል መቃብር ብዙም ሳይርቅ ተኝቷል።

የወፈፌ ነገር ካነሳችሁም አንድ ልንገራችሁ። ከእኛ አገር ከተማረኩት ጣሊያኖች ውስጥ ፌሊቼ ቤኑትሲ የሚባል ነበር፤ አዲስ አበባ በቅኝ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ። ናንዩኪ፣ ከኬንያ ተራራ ግርጌ፣ የምርኮኛ ካምፕ ውስጥ አስገቡት። በየቀኑ ተራራውን በሽቦው ውስጥ ያየዋል። ሌላው ምርኮኛ ለማምለጥ ሲያስብ እሱ ተራራውን ልውጣ አለ! ከመዶሻ የበረዶ መጥረቢያ፣ ከአሮጌ መኪና ብረት ለጫማ የሚታሰር ሹል ጥርስ ሠሩ። ካርታ የለም፤ የተራራው ሥዕል ያለበት የሥጋ ጣሳ ወረቀት ነበራቸው፣ እሱን ካርታ አደረጉት። በጃንዋሪ 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሾልኮ ወጣ። ትልቁን ጫፍ አልቻሉትም፤ ሌናና የሚባለውን 4,985 ሜትር የሆነውን ጫፍ ወጥተው የጣሊያንን ባንዲራ ተከሉ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተመልሰው ካምፕ ገቡ። ሃያ ስምንት ቀን እስር ተፈረደባቸው፤ የካምፑ አዛዥ ድፍረታቸውን አድንቆ በሰባት ቀን ለቀቃቸው።

ጠላት ናቸው፤ ግን ሳልስቅ አላልፍም።

---

ሙጉሞ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥዎ፤ የጣሳውን ወረቀት ታሪክ ከርስዎ ነው የሰማሁት።

መቃብር ካነሱ ዘንዳ እኔም አንድ ልበል። ቤደን-ፓወል ኒየሪ ነው፤ ኮርቤት ኒየሪ ነው፤ ዱካ ዳኦስታም እርስዎ እንዳሉት ኒየሪ። የኒየሪ ልጅ፣ የማው ማው መሪው ዴዳን ኪማቲ ግን የለም። በኦክቶበር 1956 ጫካው ጥግ ላይ እግሩን ተመትቶ ተያዘ፣ እዚያው ኒየሪ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ናይሮቢ ካሚቲ እስር ቤት ተሰቅሎ እዚያው ምልክት በሌለው ጉድጓድ ተቀበረ። ቤተሰቡ አስከሬኑን ስጡን እያለ ስንት ዘመን ለመነ። ባለቤቴ ኒየሪ የእንግዳ መቃብር ሞልቷታል፣ የራሷን ልጅ ግን አልቀበረችም ትላለች።

---

የቀድሞ_ስካውት፦

ይኼን ሳነብ ለካ ትሪቶፕስ ዳግመኛ የተሠራውም ኪማቲ በተሰቀለበት ዓመት ነው። 1957። እስካሁን ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም።

---

ቀልደኛው_ፒያሳ፦

እኛ አገርስ? ጣይቱ ሆቴል እያለ ኬንያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እቴጌይቱ ራሳቸው ያሠሩት፣ መኳንንቱ ደግሞ «ምግብ በልቶ ገንዘብ መክፈል ነውር ነው» ብለው ያስቸገሩበት ሆቴል! ከዚያ የበለጠ ባለታሪክ ሆቴል አምጡልኝ።

---

አስተናባሪ፦

ለጣይቱ ሆቴል ሌላ ክር ክፈትለት፤ እሱ አንድ ሳምንት ያስወራል። እዚህ በኒየሪና በአካባቢው እንቆይ። ጎረቤት አገር ያለ ተመሳሳይ የተራራ ማረፊያ ከሆነ ችግር የለም።

---

ቨሩንጋ፦

እንግዲህ ጎረቤት ከተፈቀደ ኪሶሮን ላንሳ። ደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ የሩዋንዳና የኮንጎ ድንበር ላይ፣ ከሙሃቡራ እሳተ ገሞራ ሥር፤ ትራቨለርስ ሬስት የሚባል ትንሽ ማረፊያ። ዋልተር ባውምጋርተል የሚባል ጀርመናዊ በ1955 ያዘው። ዓላማው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያን ጥግ የሚመርጥ ሰው የለም፤ መንገዱም እንግዳውም የሰው ያለህ የሚያሰኝ ቦታ ነበር። ሰውዬው የተራራ ጎሪላ ፍቅር ይዞታል። ጎሪላዎቹን የሚያጠና ሰው ፈልጉልኝ ብሎ ኬንያ ላለው ተመራማሪ ለሊዊስ ሊኪ ጻፈ፤ ተመራማሪ ሲመጣም ያስተናግዳል፣ ሩበን ርዋንዛጊሬ የሚባል የአገሩን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ ይሰጣል። ጆርጅ ሻለር መጥቶበታል። የጎሪላ ተመራማሪዋ ዳያን ፎሲ በ1967 ኮንጎ ውስጥ ወታደሮች ይዘዋት አምልጣ ስትመጣ የደረሰችው እዚያ ነው።

በ1969 ለቅቆ ሄደ። ግን የዛሬው የጎሪላ ቱሪዝም በሙሉ ከእሱ ሳሎን የተነሳ ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። እና ዳገት ወጪ ባልከው ላይ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ዎከር ራሱን ለማስደሰት ሠራ ልንል እንችላለን፤ ባውምጋርተል ግን ለራሱም አልሠራም፣ ለእንግዳም አልሠራም። ለጎሪላ ነው የሠራው። እንግዳው ወጪ መሸፈኛ ነበር።

---

ጫካ_ፈሪ፦

«እንግዳው ወጪ መሸፈኛ ነበር» 😂 ይህን አስቀርጬ ሳሎን ልስቀለው ነው።

---

ሰነድ_አገላባጭ፦

ርዕሱ «ባለቤቶቹ» ስለሚል ከዎከር በኋላ ያለውንም ባጭሩ ልንካው። አውትስፓንም ትሪቶፕስም በኋላ በብሎክ ቤተሰብ ሆቴሎች ሥር ገቡ። የቤተሰቡ መሥራች አብርሃም ብሎክም ከዎከር የማይተናነስ ሰው ነው። ሊቱዌኒያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1903 በደቡብ አፍሪካ በኩል ኬንያ ገባ። ናይሮቢ ያኔ ድንኳንና ቆርቆሮ ነበረች፤ የሚተኛበት ፍራሽ ያለው ሰው ትንሽ ነው። ብሎክ ሣር አሳጭዶ፣ አድርቆ፣ ጨርቅ ውስጥ እየጠቀጠቀ ፍራሽ መሥራት ጀመረ። ከገዙት ውስጥ ኖርፎክ ሆቴል አንዱ ነበር። በ1927 ሆቴሉን ራሱን ገዛው። ለአንድ ቤት ፍራሽ ሸጦ በኋላ ቤቱን መግዛት የሥራ ሰው ሙያ ነው።

ልዩነታቸውን ግን አያችሁ? ዎከር ሕልሙን ሆቴል አደረገ፤ ብሎክ ሆቴልን ንግድ አደረገ። በእኔ እይታ ቦታው እስከ ዛሬ የቆመው በሁለተኛው ነው። ወፈፌ ይጀምራል፤ ደሞዝ በወቅቱ የሚከፍለው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ዳገት ወጪ እዚህ ላይ የምትስማማ አይመስለኝም።

---

ዳገት_ወጪ፦

አልስማማም፤ ግን ምክንያቴ አጭር ነው። ብሎክ ብዙ ሆቴል ነበረው። ሰው ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ መጥቶ መሐረቡን ትቶ የሚሄደው ግን ኒየሪ ነው። ደሞዝ በወቅቱ መክፈል ሠራተኛውን ያቆየዋል፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንግዳውን የሚጠራው ግን ሌላ ነው።

---

ሙጉሞ፦

ለሠራተኛው ግን የቱ እንደሚሻል ብትጠይቁት ብሎክ ይላችኋል። ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ ሳትጨርስልኝ ነው የመለሰችው።

---

ወሬ_ጠማኝ፦

ክርክሩ ይቀጥል፤ እኔ ግን መሄድ አምሮኛል። ተራራውን በደንብ ለማየት የትኛው ሰዓት ይሻላል? ትሪቶፕስስ አሁን ይሠራል?

---

የቀድሞ_ስካውት፦

የኬንያ ተራራ ጎህ ሲቀድ ነው የሚታየው። ፀሐይ ከፍ ስትል ደመናው ይሰበሰብና ይጋርደዋል፤ ብዙ ሰው ቁርሱን በልቶ ሲወጣ ተራራ የሚባል ነገር አያይም። ስለዚህ ከምሽቱ ጭውውት ይልቅ ማለዳ መነሳቱን ምረጥ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቅ ወራት ናቸው፤ አፕሪል ላይ ግን ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል። ሹራብ አትርሳ። ኬንያ ሙቀት ነው ብሎ በሸሚዝ የሚመጣ ሁልጊዜ አይጠፋም።

ትሪቶፕስ በኮሮና ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ አሁን ክፍት መሆኑን ከመነሳትህ በፊት አውትስፓን ደውለህ አረጋግጥ። ድሮም ዛሬም ወደ ዛፉ ቤት የሚኬደው ከእነሱ ግቢ ነው።

---

ጋሽ_ብርሌ፦

የጣሊያኖቹንም ቤተ ክርስቲያን ሳታይ እንዳትመለስ። ጠባቂው ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ መታገሥ ነው፤ ግን ያቺን መቃብር አንድ ኢትዮጵያዊ ቆሞ ሊያያት ይገባል።

---

ወሬ_ጠማኝ፦

እሺ ጋሼ፣ ቃል ነው። ቅዳሜ ከናይሮቢ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። ነዳጅ በጋራ ነው። ሙጉሞ፣ ባለቤትህ ፈቃደኛ ከሆነች አንዱን ቦታ ለእሷ ይዣለሁ፤ መንገዱንም ታሪኩንም ከእሷ ብንሰማ ይሻላል።

---

ሙጉሞ፦

ነገርኳት። «ጫጫታ የሚያበዛ ከሆነ አልመጣም፤ ደግሞ መጀመሪያ እናቴ ቤት ነው ቁርስ የምንበላው» ብላለች። እኔ ያለሁበት ሁለተኛው ቦታ ተይዟል ማለት ነው።